ሁለት ሺህ ሰው ጎባ መቼ ገባ?

ሚያዝያ 3 ቀን 2005፣ ሐሙስ

ይህን ደብተር አምና ከክልሉ የምስጋና ወረቀት ጋር ነው የሰጡኝ። ሽፋኑ ላይ «ትክክለኛ መረጃ ለተሻለ ዕቅድ» ይላል። ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ከረመ። ዛሬ ያወጣሁት የማወራው ሰው ስላጣሁ ነው። ባሌን ከማለዲንን እንዳላወራው፣ ወፍጮ ቤት ውሎ ሲመጣ ካልጮኹለት አይሰማም። የዛሬውን ነገር ደግሞ ጮኼ መናገር አልፈልግም።

ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። እኔ ለምመራው የኮሌጃችን ቤተ መጻሕፍት የኤሌክትሮኒክ መጽሔቶችን የሚያቀርበው ድርጅት የመጪውን ዓመት ዋጋ ልኳል። ከአምናው ሦስት እጥፍ ተኩል! ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ ኮምፒውተሮቹን ለምትይዝልን ለለሊሴ ሰጠኋት።

«ዋቃዮ! ምን ጨመሩልን?» አለች።

ምንም አልጨመሩልንም። ያው መጽሔት፣ ያው አርባ ኮምፒውተር፣ ዝናብ ባንጎዳጎደ ቁጥር የሚጠፋው ያው ኔትወርክ። ከደብዳቤው ግርጌ «ዋጋው የተሰላው በተጠቃሚዎቻችሁ ብዛት፣ ማለትም በ7,240 ሰው ነው» ይላል።

ቁጥሩን ከየት እንዳመጡት እንጃ።

ሚያዝያ 8፣ ማክሰኞ

ስብሰባ። ለመጻፍ ጊዜ የለኝም፣ ግን ካልጻፍኩት ያንቀኛል።

ዲኑ ዶክተር ዲማ እንዲህ አሉ፦ «አዴ ጁሀራ፣ መጽሔቶቹ ከተቋረጡ የጤና ተማሪዎቹ የመመረቂያ ጽሑፍ በምን ይሠራሉ? እስከ ሰኔ ሠላሳ መፈረም አለብን። ገንዘቡ የሚገኘው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከጎባው የንባብ ክፍል። ክፍሉን የሚይዙት አቶ በየነ በሰኔ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። ሰው ካልተካንና የተከራየነውን ቤት ከመለስን ይሞላልናል።»

«ጎባ እኮ አንባቢ አለ» አልኩ።

«አውቃለሁ፤ በሪፖርትዎ ላይ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ነው። ያሳዝናል። ግን ጎባና ሮቤ በሚኒባስ ሃያ ደቂቃ ናቸው፤ እዚህ ይምጡ።»

ዝም አልኩ። ጁሀራ ዝም አለች ቢባል ማን ያምናል!

ሚያዝያ 14፣ ሰኞ

ድርጅቱ ጋ ደወልኩ። የእኛን አካባቢ የምትይዘው ትንሣኤ የምትባል ልጅ ናት። ድምፅዋ ትሑት ነው፤ ባለጌ ብትሆን ይሻለኝ ነበር።

«እናቴ፣ ቁጥሩን እኛ አልፈጠርነውም። ኮሌጃችሁ ባወጣው መጽሔት ላይ ነው ያገኘነው» አለችኝ። ገጹን ሁሉ ነገረችኝ። ገጽ አሥራ አንድ። ከእኔ ፎቶ ሥር።

ሚያዝያ 27፣ እሑድ፣ ፋሲካ

እንደ ዓመቱ ሁሉ ጎባ ወጣሁ፣ ጋሽ በየነን እንኳን አደረሰዎ ለማለት። ባለቤታቸው ማናልበሽ ለእኔ ሥጋ ያልነካው ድስት ለብቻው ይዛ ጠበቀችኝ፤ ሃያ ዓመት አንድ ቀን ረስታ አታውቅም። እኔም ለዒድ እሷን አልረሳም። እንዲህ ነው የኖርነው።

ከምሳ በኋላ ጋሽ በየነ «ነይ ቤቴን ልይ» አሉኝ። «ቤቴ» የሚሉት የንባብ ክፍሉን ነው። በበዓል ቀን ዝግ ነው፣ ግን ቁልፉ ከኪሳቸው አይጠፋም። በሩ ሲከፈት ያ ሽታ ወጣ፤ የድሮ ወረቀት፣ የእርጥብ ጋቢ፣ የወለል ሰም ሽታ። የካርድ ሣጥኑ ዛሬም እዚያው ነው። «ታ» የሚለው መሳቢያ ዛሬም ካልመቱት አይከፈትም። ጎባ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ በነበረች ጊዜ እኮ እዚህ ወንበር ለማግኘት ወረፋ ነበር! አስተማሪው፣ ነርሱ፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ፣ ከደሎ መና ቡና ይዞ የመጣው ነጋዴ ሳይቀር መኪናው እስኪሞላ ጋዜጣ ሊያይ ጎራ ይላል። ኋላ ክፍለ ሀገሩ ሲቀር ቢሮዎቹ ወደ ሮቤ ወረዱ። ሰዉም ተከትሎ ወረደ። እኔም ወረድኩ።

«በሰኔ ስወጣ ማንን ትልኪልኛለሽ?» አሉኝ መስኮቱን እየወለወሉ። «ቀዝቃዛ ነው ብሎ የሚያማርር ሰው እንዳትልኪብኝ።»

እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። «እናስብበታለን» ብዬ መጣሁ። ፈሪ!

ግንቦት 5፣ ሰኞ

ከማለዲንን ጮኼ አዋራሁት፣ ምን ላድርግ። ጎረቤት ይስማ።

ሳቀብኝ። «እኔ ወፍጮ ቤት የሚመጣውን ሰው ቤተሰብሽ ስንት ነው ብዬ ላስከፍል? በድንጋይ ይወግሩኛል። እህሉን ነው የምመዝነው። አሥር ልጅ ያላትም ግማሽ ኩንታል ካመጣች የግማሽ ኩንታል ነው የምትከፍለው። እነሱም የምታነቡትን ይመዝኑ!»

ይሄ ሰውዬ አንዳንዴ ጭንቅላቱ ይሠራል። ደስ አለኝ። ነገ ለትንሣኤ እነግራታለሁ።

እሱ ግን ሊተኛ ሲል «ቆይ፣ ሰባት ሺህ የሚለውን ማን ነው የነገራቸው?» አለኝ። እንቅልፍ የወሰደኝ መሰልኩ።

ግንቦት 6፣ ማክሰኞ

ትንሣኤ እሺ አለች! በሰው ቁጥር መሆኑ ቀርቶ በተከፈተ ጽሑፍ ልክ። አንድ ጽሑፍ ሲከፈት አንድ ሒሳብ። አምና በከፈትነው ጽሑፍ ብዛት ቢሰላ ጎባን ሳንነካ ይበቃናል። አልሐምዱሊላህ። ማንም ምንም ሳይጠይቀኝ ተገላገልኩ።

ግንቦት 9፣ ዓርብ

አልተገላገልኩም።

ከሰዓት ጎባ ነበርኩ። እዚያ ያለችን ኮምፒውተር አንዲት ናት፣ እሷ ላይ ሲምቦ ተቀምጣለች። የመጨረሻ ዓመት የአዋላጅ ነርስ ተማሪ ናት፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ለልምምድ ተመድባ ጎባ ነው የምታድረው። ከሌሊት ተረኛነት ወጥታ ሳትተኛ መምጣቷ ነው። ከወሊድ በኋላ ስለሚፈስ ደም የተጻፈ ነገር እየፈለገች ነበር። አንዱን ትከፍታለች፣ አንብባ ትዘጋዋለች፣ ሌላ ትከፍታለች። ከኋላዋ ቆሜ ሳላስበው እቆጥራለሁ። አራት። አምስት። «ኧረ ይብቃሽ!» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዘጠኝ። አሥር።

ዞራ አየችኝ። «አዴ ጁሀራ፣ ማል ታቴ? ምን ሆኑ? አጠፋሁ?»

«የለም የኔ ልጅ፣ አንብቢ» አልኳት። ፊቴ ግን ምን ይመስል እንደነበር አላህ ያውቃል።

አስተግፊሩላህ። እኔ እኮ በሕይወቴ የሚያነብ ሰው አይቼ ተናድጄ አላውቅም። ጋሽ በየነ ድሮ አንባቢ በዝቶ ወንበር ሲያንስ የራሳቸውን ሰጥተው ቆመው ይውሉ ነበር። ዛሬ እኔ አንዲት ደከመኝ ያላለች ልጅ የምትከፍተውን እቆጥርባታለሁ። የከማለዲን ወፍጮ እዚህ አይሠራም። እህል ሲፈጭ ያልቃል፤ ጽሑፍ ሲምቦ ብታነበው ለሌላው አይጎድልም። በዚህ ውል ከፈረምን በሚቀጥለው ዓመት አንባቢ በመጣ ቁጥር የምደነግጥ ሰው ልሆን ነው።

ለትንሣኤ ደውዬ ውሉ ይቅር አልኳት። «ታዲያ ምን ላድርግልዎ?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ግንቦት 20፣ ማክሰኞ

በዓል ስለሆነ ቢሮ ዝግ ነው። ሰዉ ስታዲየም ሄዷል። ከማለዲን ከእንግዶች ጋር ሳሎን ነው፣ እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ ጓዳ ገብቻለሁ።

በ1983 የዛሬ ሰሞን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። መንግሥት ተለወጠ ተባለ፣ ወታደሩ እየተበተነ ነው ተባለ፣ ጎባ በሩን ዘጋ። እኔ ግን የተዋስኩት መጽሐፍ የመመለሻ ቀኑ ደርሷል። ቀን ያሳለፈ ለአንድ ወር እንደማይገባ ጋሽ በየነ በር ላይ ለጥፈዋል። እናቴ ስትሰግድ ሾልኬ ወጣሁ። መንገዱ ላይ አንድ ጋሪ እንኳ የለም። ስደርስ ክፍሉ ክፍት ነው! ጋሽ በየነ ጋቢያቸውን ለብሰው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ከጉድ ቆጥረው ያቅፉኛል ስል፣ ቀና ብለው «መታወቂያ?» አሉኝ። መታወቂያዬን ሰጠሁ። መጽሐፉን ተቀበሉ፣ ገጾቹን አገላብጠው አዩ፣ ከዚያ ደብተራቸውን ስበው በእርሳስ አንድ መስመር አሰመሩ። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው። ያ ቀን እንዲያ ሆኖ እንኳ እኔን ቆጠሩኝ።

በሁለተኛው ዓመት ረዳታቸው አድርገው ቀጠሩኝ። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያው ትምህርት ቁጥር ነበር፦ በሩን አልፎ የተቀመጠ አንድ መስመር፣ አምስተኛው በአራቱ ላይ ይተኛል። ጋዜጣ አይቶ የወጣም ሰው ነው። ጠዋት የመጣ ከሰዓት ቢመለስ ግን ያው ሰው ነው።

ያው ሰው ነው። በቃ፣ ልጻፈው።

የአምናው ዕቅድ 7,000 ነበር። ክልሉ ከዕቅዱ በታች ያመጣውን በስብሰባ ላይ ያስነሳል። መደበኛ ተማሪዎቻችን 1,840 ናቸው። ለስድስት ሳምንት የሚመጡትን የክረምት መምህራን ጨመርኩ። ጠዋት የገባው ከሰዓት ሲመለስ ሌላ ሰው አደረግኩት። እሱም አልሞላ ሲል ጎባ ላይ ጻፍኩ። ጋሽ በየነ የላኩልኝ 96 ነበር። 1,900 አልኩት። ሁሉም መሥሪያ ቤት ያደርገዋል፣ እኔ ብቻ አይደለሁም። ደግሞ 96 ብዬ ብልክ ያኔውኑ ይዘጉት ነበር። ለእሳቸው ስል ነው።

የምስጋና ወረቀቱን ግን ሳሎን ነው የሰቀልኩት። እንግዶቹ አሁን ከሥሩ ተቀምጠዋል።

ግንቦት 28፣ ረቡዕ

ዶክተር ዲማ ውሉን ጠየቁ። ለሊሴ «እኔ ያለኝ የተመዘገበ ተማሪ 1,840 ነው፤ ሰባት ሺህ ከየት መጣ?» ብላ ልትናገር ስትል በእግሬ ነካኋት። ከስብሰባው ስንወጣ ቀና ብላ አላየችኝም።

ሰኔ 3፣ ሰኞ

እውነቱን ብናገር ዋጋው ይወርዳል፤ ግን ጎባ ዘጠና ስድስት ሰው ብቻ መሆኑ ይታወቃል፣ ይዘጋል። ዝም ብል ዋጋው እዚያው ይቆያል፣ ጎባ ይዘጋል። እንደምንም ባገላብጠው ያው ነው። ቤቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ሰኔ 8፣ ቅዳሜ

ጎባ ሄድኩ። ለትንሣኤ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ በኮሌጁ ውስጥ እውነተኛ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ያለው ጋሽ በየነ ጋ ብቻ ነው። ደጁ ላይ ቆሜ ሦስቴ ቢስሚላህ አልኩ።

«ጋሼ፣ የአንባቢ ደብተሮችዎን ያውሱኝ።»

«ለምን?»

ነገርኳቸው። ዋጋውን፣ ቤቱ ሊዘጋ መሆኑን፣ 1,900ውን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ግማሹን የሰሙኝ አልመሰለኝም። መስኮቱን ዘጉና፦

«ሮቤ ለደመወዝ የወረድኩ ጊዜ ቢሮሽ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሪፖርት አየሁት» አሉ። «ሁለት ሺህ ሰው ጎባ መቼ ገባ ብዬ፣ ሠርግ ነበር መሰለኝ፣ ሳልጠራ ቀረሁ አልኩ።»

ልስቅ ስል አለቀስኩ።

«ዓመት ሙሉ ያውቁ ነበር?»

«አውቃለሁ። ለእኔ ብለሽ እንደሆነም አውቃለሁ። ግን እኔን አልጠየቅሽኝም። ብትጠይቂኝ በዘጠና ስድስቴ እዘጋለሁ እልሽ ነበር። ዘጠና ስድስቱን እኔ በስም አውቃቸዋለሁ፤ አንቺ የጨመርሻቸውን ግን አንዳቸውንም አላውቅም።»

ተነሥተው ከመደርደሪያው ላይ ደብተሮቹን በገመድ አስረው አመጡልኝ። ከባድ ናቸው። በሚኒባስ ጭኔ ላይ ይዤ ስመጣ የ1983ቱን ፈታሁት። ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ከዚያ አንድ መስመር ብቻውን። ያ እኔ ነኝ። ከጎኔ የተቀመጠው ሽማግሌ «ልጄ፣ መርዶ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ሰኔ 10፣ ሰኞ

ለዶክተር ዲማ ሁሉንም ነገርኳቸው። ደብተሮቹን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረገፍኩ፣ የምስጋና ወረቀቱንም ከግድግዳ አውርጄ አብሬ አስቀመጥኩ። «ለክልሉ ምን ብዬ ልጻፍ?» አሉ ብቻ። እኔ ራሴ እጽፋለሁ አልኩ። ጻፍኩ። አንድ ገጽ ለመጻፍ አራት ሰዓት ፈጀብኝ።

ከዚያ ለትንሣኤ። «የተጠቃሚ ቁጥራችን ስሕተት ነው፤ የሠራሁትም እኔ ነኝ። መደበኛ ተማሪ 1,840። የክረምቱ መምህር ስድስት ሳምንት ነው የሚቀመጠው፣ የዓመት ሰው አድርጋችሁ አትቁጠሩብን፤ በቆየበት ልክ ቁጠሩት። ያነበብነውን ያህል ደግሞ አታስከፍሉን፤ ማንበብ የሚያስቀጣ ውል አልፈርምም። አንዴ ተስማምተን ተማሪው የፈለገውን ያህል ያንብብ።» ከደብተሮቹ አሥር ገጽ ለሊሴ ኮፒ አድርጋ ላከችልኝ። ስትጨርስ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። እግዜር ይስጣት።

ቤት ስገባ ከማለዲን ባዶውን ግድግዳ አየ። ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። «ጥሩ» አለ። ጮኼ ሳልነግረው።

ሰኔ 19፣ ረቡዕ

መልስ መጣ! ከአምናውም በትንሽ ያነሰ። የክረምቶቹን ስምንት ሰው እንደ አንድ ሰው ቆጠሩልን። ትንሣኤ ራሷ ደወለች፦ «እናቴ፣ አለቆቼ ደብተሩን አይተው ሳቁ። ከየትም እንዲህ ያለ ማስረጃ መጥቶላቸው አያውቅም። ዜሮ የሚል ቀን ያለበት ሪፖርት ማመን ቀላል ነው አሉ።»

መጽሔቶቹ ተረፉ። ሲምቦም ተረፈች። ጎባስ?

ሰኔ 26፣ ረቡዕ

ዶክተር ዲማ አስጠሩኝ። ደብዳቤው ተጽፎ ነበር፤ ከኃላፊነት ተነሥቻለሁ። ለሊሴ በተጠባባቂነት ትይዛለች። ተቀበልኩ።

«ጎባን በተመለከተ» አሉ፣ «ገንዘቡ ስለተረፈ ለአንድ ዓመት አልዘጋውም። ግን ዘጠና ስድስት ሰው ነው፣ አዴ ጁሀራ። ለሚቀጥለው ዓመት ማንም በዚህ ቁጥር አይሟገትልዎትም። እርስዎ ይሂዱና ይያዙት። በከርሞ ሰኔ እውነተኛውን ቁጥር ያምጡልኝ፣ ያኔ እንወስናለን።»

«ቢያንስስ?»

«ቢያንስም ያንኑ ያምጡ።»

ቅጣት ነው ያሉት። ከቢሮው ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆሜ ፈገግ አልኩ። ማንም እንዳያየኝ በነጠላዬ አፌን ሸፈንኩ። ከዚያ ደግሞ ቢዘጋስ የሚለው መጣብኝ፣ ፈገግታዬ ጠፋ።

ሰኔ 28፣ ዓርብ

ጋሽ በየነ ቁልፉን አስረከቡኝ። ማናልበሽ ዳቦ ደፍታ አመጣች። ንግግር አላደረጉም። ስለ «ታ» መሳቢያ አስታወሱኝና ሄዱ። ጠረጴዛው ላይ የተቀረጸ እርሳስና አዲስ ደብተር ትተውልኛል።

ሐምሌ 1፣ ሰኞ

የመጀመሪያ ቀኔ። ከነገ ወዲያ ረመዳን ነው። ከሌሊቱ ጀምሮ ዝናብ። በሁለት ሰዓት ከፈትኩ፣ ወለሉን ጠረግኩ፣ ጋቢዬን ለብሼ ተቀመጥኩ። ሲምቦ ለዕረፍት አገሯ ገብታለች። አራት ሰዓት፣ ማንም የለም። ስድስት ሰዓት፣ ማንም። ለሊሴ ደውላ «እንዴት ነው?» አለችኝ። «ፀጥ ያለ ነው» አልኳት። «ስንት ሰው አለ?» አለች። ልማድ ክፉ ነው፤ «አንድ ሁለት ሰው» ልል ምላሴ ተነሥቶ ነበር። «ማንም የለም» አልኳት። ይህችን ሁለት ቃል ማውጣት እንደዚያ ይከብዳል ብዬ አላስብም ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደብተሩን ስቤ ቀኑን ጻፍኩ። ዜሮ ልጽፍ እርሳሱን አነሣሁ። ከዘጠና ስድስቱ ስንቱ ይመለስ ይሆን? በሰኔ ይዤ የምሄደው ምን ሊሆን ነው? ያኔ በሩ ተንኳኳ። የንባብ ክፍል በር አንኳክቶ የሚገባ ሰው አይቼ አላውቅም።

ጋሽ በየነ ናቸው። ጃንጥላቸውን አራገፉና ደፉ ላይ ቆሙ።

«ጋሼ! የረሱት ነገር አለ?»

«የረሳሁት የለም። ላነብ ነው የመጣሁት። ሠላሳ ዓመት ሰው ሲያነብ ሳይ ኖርኩ፤ እኔስ መቼ ላንብብ?»

በመስኮቱ በኩል ወዳለው ወንበር አለፉ። እዚያ ተቀምጠው አይቻቸው አላውቅም። እኔ ግን ከመቀመጫዬ ሳልነሣ እጄን ዘረጋሁ።

«መታወቂያ?» አልኳቸው።

ቆመው አዩኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ኮታቸውን ከፍተው፣ ከደረት ኪሳቸው የጡረታ መታወቂያቸውን አውጥተው ሰጡኝ። ፎቶውን ከፊታቸው ጋር አስተያየሁ፣ መለስኩላቸው። ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ማንበብ ጀመሩ።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሌላ ሰው አልመጣም። ሐምሌ 1 ከሚለው ጎን አንድ መስመር አሰመርኩ። አንድ ብቻ።